እትዬ አስካለ ሾርባ የሠሩበት ሐሙስ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት የተማሪ ፈተና ሳርም ነው። የደወለችው ልጃቸው ሰላም ነበረች። «ቲቸር፣ እማዬ አረፈች» አለች። ቀጥላም «ቀብሩ ትናንት ነበር። ከመቱ እዚህ ድረስ በዚህ ዝናብ እንዳትመጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ» አለችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። እግዜር ያጽናሽ አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና የቀረውን ወረቀት ማረሜን ቀጠልኩ። አንዱ ተማሪ ባሮ የአዋሽ ገባር ነው ብሎ ጽፎ ነበርና በቀይ ሰረዝኩበት። ማታ ራቴን በላሁ። በሚቀጥሉት ቀናት ዕንባዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አላለቅስ ስል ቢያንስ ልጻፍላቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጋምቤላ ተመድቤ ስሄድ የተከራየሁት እሳቸው ግቢ ነው፤ ከባሮ ዳርቻ ብዙም የማይርቅ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ የጤና ረዳት ሆነው ነበር ከመንዝ ወደዚያ የወረዱት፤ እኔ ስደርስ በሕይወት አልነበሩም። ልጆቻቸው ሰላምና ታምራት ተወልደው ያደጉት ጋምቤላ ነው። ሰላም አግብታ እዚያው ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ትኖራለች፤ ታምራት እናቱ ጋ ነበር። እትዬ አስካለ አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ አረማመዳቸው ፈጣን፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። ስኳር ነበረባቸው። ስኳራቸውን የሚያዩት እንደ ክፉ ተከራይ ነው፤ ይኑር እንጂ አያዘኝም ይላሉ።

ጋምቤላን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀትር ላይ የቤቱ ቆርቆሮ ይንጣጣል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ነው። እትዬ አስካለ ግን ጋምቤላ ብርድ አለ ባይ ነበሩ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቀን ከሌት ሲወርድና ከባሮ በኩል ነፋስ ሲመጣ ከሳጥን ጋቢ ያወጣሉ፣ በረንዳው ላይ ይቆማሉ፣ «ብርድ ገባ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ያ ቀን የሾርባ ቀን ነው።

«የመንዝ ሰው ሆነው እንዴት ይሄን ብርድ ይሉታል?» ብዬ እከራከራቸው ነበር።

«የመንዙን ብርድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ለብሰሽ ነው የምትጠብቂው። የጋምቤላው ግን ባንድ ሸሚዝ ነው የሚያገኝሽ» ይሉኛል።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው የተወለድኩት። ጋምቤላ ውስጥ በረደኝ ማለት አገሬን እንደ መካድ ሆኖ ይሰማኝ ነበር፤ አንድም ቀን ብዬ አላውቅም። ሾርባው ሲቀርብ ግን ከማንም ቀድሜ የምቀመጠው እኔ ነኝ። «ካልበረደሽ ታዲያ ለምን ትበያለሽ?» ይላሉ ጭልፋውን ይዘው። «ስለሚጣፍጥ» እላለሁ። «ውሸታም። በርዶሻል!» ይላሉ። በየክረምቱ ይህንኑ እንባባላለን።

ሾርባቸው የሚበላ ነው። «የሚጠጣ ሾርባ የሆስፒታል ነው» ይሉ ነበር። ሰማዩ መዳመን ሲጀምር ልኳንዳ ቤቱ ሳይጠየቅ ቅልጥም ያስቀምጥላቸዋል። አጥንቱን ማልደው ከሰል ላይ ይጥዱታል፤ አረፋውን እየገፈፉ አጠገቡ ቁጭ ነው። የተሸከሸከውን ገብስ እህታቸው ከመንዝ በሰው ትልክላቸዋለች፤ በዚያው ፌስታል ውስጥ የደረቀ ጦስኝ ቋጥራ። ገብሱ ሲያብጥ ካሮትና ድንች ይገባል፤ ተለቅ ተለቅ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ምክንያቱም ጥርስ ላለው ሰው ነው የሚሠራው። ከዚያ ጎመኑ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ። ጦስኙ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ሲነሰነስ ሽታው አጥር ይሻገራል።

አጥር ማዶ ደግሞ ጋሽ ኡቻላ አሉ። አኙዋ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ የጋሽ ደምሴ የቅርብ ወዳጅ የነበሩ። ሽታው ሲደርሳቸው ዓሣ አንጠልጥለው ይመጣሉ። «አስካለ፣ ይሄን አጥንት ተይው። ዓሣ ጨምሪበት፣ ሰው ይሆናል» ይላሉ። እትዬ አስካለ ዓሣውን ይቀበላሉ፣ ድስቱ ውስጥ ግን አይከቱትም። «ዓሣ ምን ብርድ ያውቃል? ውኃ ውስጥ የሚኖር!» ይላሉ። ጋሽ ኡቻላ ራሳቸውን ይነቀንቁና ሾርባውን ተቀብለው ይበላሉ። ዓሣው ለነገ ምሳ ይሆናል። እንዲህ ሲኖሩ አንዳቸውም አሸንፈው አያውቁም።

አንድ ነገር ግን አይሻርም። እትዬ አስካለ ከሰው ጋር አይበሉም። ቤቱ ያለው ሁሉ፣ ተከራዩም፣ እንግዳውም፣ በልቶ እስኪጨርስ ጭልፋቸውን ይዘው ይቆማሉ። ሳህን ሲጎድል ይሞላሉ። የጨረስክ ከመሰለህ «እስቲ አሳየኝ» ብለው ሳህንህን አዘንብለው ያዩታል። የመጨረሻው ሰው ሲጠግብ ብቻ በርጩማቸውን ስበው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ለራሳቸው ይቀዳሉ። ታምራት «እማዬ፣ አብረሽን ብትበዪ ምን አለ?» ሲላት «የቤቱ ሰው ሳይበላ የኔ ጉሮሮ አይከፈትም» ትለዋለች። ይህን ስጽፍ ሳላስበው እንደ ልጃቸው አንቺ አልኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ጋሽ ደምሴ መርዶ የነገረችኝ በጤና ጣቢያው የእትዬ አስካለን ስኳር የምትከታተለው ነርስ፣ ሲስተር ጥሩነሽ ናት። ጋሽ ደምሴ ለሕክምና ጅማ ተልከው እዚያው ነው የሞቱት። መርዶው እንደ ደንቡ ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና እህል ሳይቀምሱ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲያ የሚያበላቸው ጠፋ። መድኃኒቱንም እህሉንም እንቢ አሉ፤ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሲስተር ጥሩነሽ «እጄ ላይ ሞተው ነው የመለስኳቸው፤ ሁለተኛ ባዶ ሆዳቸውን መርዶ ከሰሙ አይመለሱም» አለችኝ። ይህንን ስትነግረኝ እንዲያው ለወግ ነበር። ታምራት ያን ጊዜ ጤነኛ ነው፣ ግቢ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ሲፈታ ይውላል።

ታምራት ተመርቆ ሥራ አላገኘም። እንደ ብዙ ሰው ዲማ ሄደ፣ ወርቅ ቁፋሮ። እናቱ ተጣሉት፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻ ስንቅ ቋጠሩለት። ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ሲወጣ ይደውላል። የዝናቡ ወራት ሲገባ ግን ስልኩ እየራቀ መጣ፤ እትዬ አስካለም ስልካቸውን ከጡታቸው ሥር ሸጉጠው መሄድ ጀመሩ።

የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ፣ ሐምሌ አጋማሽ፣ ማክሰኞ ቀን ነው። የክረምት ማጠናከሪያ አስተምር ነበር። ጋሽ ኡቻላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ከኋላቸው ረዘም ያለ፣ ከሲታ ወጣት አለ፤ ጃኬቱ እስከ ክርኑ በጭቃ ተለውሷል። «ይሄ ኦሞድ ነው። ከዲማ መጣ» አሉ። ከዚያ የሚቀጥለውን ለመናገር ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ዝናቡ እየወረደባቸው «ታምራት ሞተ» አሉኝ። ዝናብ ያላላው ጉድጓድ ተደርምሶበት ነው። መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ እዚያው ቀብረውታል። ኦሞድ አብሮት የሚቆፍር ጓደኛው ነው፤ እንጨት በጫነ መኪና ተሳፍሮ የመጣው ይህን ሊያደርስ ነበር።

ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። እጄ ላይ የነበረውን የጠመኔ ብናኝ አራገፍኩ። የቀረኝ ክፍለ ጊዜ ነበርና ገብቼ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ ግን አሁንም አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያ ተሰበሰብን፤ ጋሽ ኡቻላ፣ ሲስተር ጥሩነሽና እኔ። ለሰላም ባሏ ነግሯት ነበር፤ ፊቷን አይተው እንዳይጠረጥሩ ወደ እናቷ እንዳትመጣ ተደረገ።

«መርዶ በጠዋት ነው» አሉ ጋሽ ኡቻላ። «እኛም ዘንድ እንደዚያ ነው። ነገ ጠዋት እንንገራት።»

«ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም» አለች ሲስተር ጥሩነሽ። «ሳይበሉ ከተነገራቸው እኔ የለሁበትም። አልጋም አላዘጋጅም።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስም በጠዋት አይበሉም። ሰው አብልተው ነው የሚበሉት።»

ጋሽ ኡቻላ «እንግዲያው እኛን ታብላን» አሉ። «ሾርባ ትሥራ። አራት ሰዓት ላይ፣ ባንድነት ሳይሆን ተራ በተራ እንግባ። ቶሎ እንብላ። እሷም ትብላ። ከዚያ እንነግራለን።» ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሾርባ እንዲሠሩ ማድረግ ግቢው ውስጥ ለምትኖረው ለእኔ ተሰጠ።

ረቡዕ ዕለት እትዬ አስካለ እንደ ወትሯቸው ነበሩ። ድመቷን ሰደቡ፣ የጎረቤት ልጅ ጸጉር ሠሩ፣ ማንጎው በሽታ መታው ብለው አማረሩ። «ስልክዎን ቻርጅ ላድርግልዎ» ብዬ ወሰድኩና አጠፋሁት። ወደ ማምሻው ዝናቡ ጠንከር ሲል በረንዳ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ በረደኝ» አልኩ።

ዞር ብለው አዩኝ። «አንቺን?»

«አዎ።»

ቀልድ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ስንት ክረምት የጠበቋት ቃል ነበረች፤ አሸነፍኩሽ ብለው እስከ እንቁጣጣሽ ሊዘፍኑባት ይገባ ነበር። እሳቸው ግን የጋቢያቸውን ጫፍ እየሰበሰቡ ዝናቡን አዩ። «እንግዲያው ነገ ሾርባ ነው» አሉና ወደ ቤት ገቡ። ተሳካልኝ ብዬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ድስቱ ተጥዶ ነበር። ገብሱ ሲያብጥ፣ ጎመኑ ሲገባ፣ ጦስኙ ሲነሰነስ አየሁ። አንድም ነገር አላጎደሉም። ጋሽ ኡቻላ መጀመሪያ መጡ፤ «ሸተተኝ» አሉ፤ ዓሣ አልያዙም። ቀጥላ ሲስተር ጥሩነሽ «ስኳርዎን ልለካ ነው» ብላ ገባች። መጨረሻ ኦሞድ መጣ፤ ጃኬቱ ታጥቦ። «የወንድሜ ልጅ ነው፣ ከአቦቦ» አሉ ጋሽ ኡቻላ። እትዬ አስካለ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ሳህን ሰጡት፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። በአጥሩ ማዶ፣ በጋሽ ኡቻላ ቤት፣ ሰላምና የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ይህን የምናውቀው እኛ ነን።

እንደዚያ ያለ አበላል ዳግም አይግጠመኝ። ሾርባው ትኩስ ነው፤ ወደ አፌ ስወስደው ማቃጠሉን አውቃለሁ፤ ጣዕም ግን የለውም። ሳህኔ ውስጥ ያለችውን አንዲት ካሮት እያየሁ ነበር የምውጠው። ሲስተር ጥሩነሽ ገብሱን አንድ በአንድ ታላምጣለች። ጋሽ ኡቻላ ቶሎ ለመጨረስ ሲሉ አፋቸውን አቃጠሉ፤ ባዶ ሳህናቸውን አዘንብለው አሳዩ፤ እትዬ አስካለም ሞሉላቸው። «ጠገብኩ፣ አስካለ» አሉ። «መች ጠገብክ! አንድ ሳህን በልተህ ጠግበህ አታውቅም» አሏቸው። ኦሞድ ማንኪያውን አላነሳም። ሳህኑ ላይ ስቡ መርጋት ጀመረ።

«እትዬ፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ» አለች ሲስተር ጥሩነሽ።

«እናንተ ሳትጨርሱ?»

ፈራሁ። እንዲህ እየሞሉልን፣ እኛ እየዋጥን፣ እሳቸው ሳይቀምሱ ሰዓቱ ሊሄድ ነው። አንዲት ሴት መንገድ ላይ አግኝታቸው እግዜር ያጽናዎ ብትላቸው፣ ወይም ሰላም ከወዲያ አልችል ብላ ብትጮህ፣ ያው እንደ ጋሽ ደምሴ ጊዜ ባዶ ሆዳቸውን ሊሰሙት ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

እትዬ አስካለ ሁላችንንም አዩን፤ ከአንዱ ወደ አንዱ። ከዚያ በርጩማቸውን ሳቡ። ተቀመጡ። ለራሳቸው ቀዱ። እኛ ማንኪያችንን እንደያዝን፣ የእኛ ሳህን ግማሽ፣ የኦሞድ ሙሉ እንደሆነ፣ መብላት ጀመሩ። እዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሰው ሳይጨርስ ሲበሉ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ያኔ ነው ማወቃቸው የገባኝ። ሳይቸኩሉ፣ እያላመጡ፣ ቅልጥሙን ሳይቀር መጥጠው፣ እስከ ሳህኑ ሥር በሉ። አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ቲቸር በረደኝ ስትል ነው የገባኝ» አሉ፤ ወደ እኔ አላዩም። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብን ነው እንጂ። ይኸው እንዳላችሁት በላሁ። ኡቻላ፣ ንገረኝ።»

ጋሽ ኡቻላ የተዘጋጁበት ንግግር ነበራቸው፤ ኢዮብንም፣ እግዚአብሔር ሰጠ እግዚአብሔር ነሳንም አስበውበት ነበር። ሁሉም ጠፋባቸው። «ታምራት ነው» አሉ።

«ታምራት መሆኑንማ አወቅሁ።»

«ጉድጓድ ወደቀበት። ዝናብ ነው። እዚያው ቀበሩት። መንገድ የለም።»

እትዬ አስካለ አልጮኹም፤ ፊታቸውንም አልነጩም። ሲስተር ጥሩነሽ ልትደግፋቸው ተነስታ ነበር፤ በእጃቸው መለሷት። «አብሮት ማን ነበር?» አሉ።

ጋሽ ኡቻላ በአገጫቸው ወደ ኦሞድ አመለከቱ። እሳቸውም ወደ እሱ ዞሩ።

«በልቶ ነበር የገባው?»

የእኛ አገር ሰው ቢሆን መልሱን ማንም ያውቀዋል። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እየሳቀ፣ ያንቺን ስም እየጠራ ይባላል። ለመርዶ ውሸት ንስሐ የሚገባ የለም። ሲስተር ጥሩነሽም ልትለው አፏን ከፍታ ነበር። ኦሞድ ቀደማት። ከመጣ ጀምሮ ድምፁን የሰማነው ያኔ ነው።

«አልበላም፣ እማማ» አለ። «ዝናብ ነበር። እንጨት ርጥብ ነው፣ እሳት እምቢ አለ። ታምራት በኋላ እንበላለን አለ። ከዚያ ገባ።»

ሲስተር ጥሩነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሽ ኡቻላ በአኙዋኛ አንድ ቁጡ ቃል ተናገሩት። ኦሞድ አንገቱን ደፋ። እኔ አሁንም ካሮቷን እያየሁ ነበር።

እትዬ አስካለ ግን እሱን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«አንተስ?» አሉት።

«እኔም አልበላሁም።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ሻይ ጠጣሁ» አለ።

እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። የቀዘቀዘውን ሾርባ ከፊቱ አንስተው ድስቱ ውስጥ መለሱት። ፍሙን አራገቡ። እስኪሞቅ ቆመው ጠበቁ፤ እኛም ጠበቅን። ቀድተው ሳህኑን በሁለት እጁ አስያዙት። «ብላ፣ ልጄ» አሉት።

ጋሽ ኡቻላ ሴቶቹን ሊጠሩ ተነስተው በሩ ጋ ደርሰው ነበር። «ቆይ ኡቻላ» አሏቸው። «ልጁ ይብላ።» ጋሽ ኡቻላ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ኦሞድ በላ። መጀመሪያ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይጋጭበት ነበር፤ በኋላ ረሃቡ በለጠውና አጎንብሶ በላ። እትዬ አስካለ ፊት ለፊቱ ቆመው ያዩታል። ሲጨርስ «ልጨምርልህ?» አሉት። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ጨመሩለት። እሱንም በላ። ለቅሶው የተጀመረው ኦሞድ ሳህኑን መሬት አስቀምጦ «በቃኝ፣ እማማ» ካለ በኋላ ነው።